9 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተው ጺማሙ ሎርድ፦ አርተር ኪኔርድን የሚያውቅ አለ?

የድሮ_ኳስ ጻፈ፦

ሰላም ለመድረኩ። ወሬው ስለ ኤፍኤ ዋንጫ፣ ስለ እንግሊዝ ክለቦች የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ባለፈው እዚህ «የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜን ብዙ ጊዜ የተጫወተው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግማሹ ሰው የአርሰናልና የቼልሲው ተከላካይ አሽሊ ኮል ብሎ አለፈ። ኮል የተጫወተው 8 ነው። 9 የተጫወተው ሰው ከሱ 133 ዓመት ቀድሞ የተወለደ ነው። ስሙ አርተር ኪኔርድ ይባላል። ቀይ ጺሙን አጎፍሮ፣ ነጭ ረጅም ሱሪ ለብሶ፣ ኮፍያ አጥልቆ ነበር ሜዳ የሚገባው። ስለሱ በአማርኛ ብዙም የተጻፈ ነገር ስላላየሁ ይሄን ክር ከፈትኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።

ሰውዬው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1847 ለንደን፣ ኬንሲንግተን ተወለደ። ቤተሰቡ የስኮትላንድ መኳንንት ናቸው። ለንደን ውስጥም ባንክ ነበራቸው። ኢተን በሚባለው የሀብታሞች ትምህርት ቤት ተማረ። ከዛ ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በ1869 ጨረሰ። ከዛም የቤተሰቡ ባንክ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ያ ባንክ በኋላ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ባርክሌይስ ሆነ፤ ኪኔርድም ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ነበር። አዎ፣ ስንት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ስፖንሰር የነበረው ባርክሌይስ ራሱ።

ስፖርት የተባለ ነገር አያልፈውም። በ1867 ፓሪስ ላይ በተደረገው ትልቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የታንኳ ውድድር አሸንፏል። ዩኒቨርሲቲ እያለ ቴኒስ ይጫወታል፣ ይዋኛል፣ ኳስን በእጅ መዳፍ ግድግዳ ላይ እየመቱ የሚጫወቱትን ጨዋታም ይችላል። ልቡ ግን እግር ኳስ ላይ ነበር።

ያኔ እግር ኳስ ምን ይመስል እንደነበር ካልተነገረ የሰውዬው ነገር አይገባም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ኤፍኤ፣ የተመሠረተው ኦክቶበር 26 ቀን 1863 ለንደን ውስጥ ፍሪሜሶንስ ታቨርን በሚባል መጠጥ ቤት ነው። ከዛ በፊት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሕግ ነበረው። አንዱ ጋ ኳስ ይዞ መሮጥ ይቻላል፣ ሌላው ጋ ነውር ነው። ከሁሉ የከፋው ጠብ ግን የቅልጥም ጠብ ነበር። የተጋጣሚን ቅልጥም ሆን ብሎ በጫማ መምታት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ማኅበሩ ይከልከል አለ። ብላክሂዝ የሚባለው ክለብ በዚህ ተናዶ ጥሎ ወጣ፤ በኋላም ኳስ ተይዞ የሚሮጥበትን የራግቢን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ኪኔርድ የኤፍኤ ኮሚቴ ውስጥ የገባው በ1868 ነው፤ ገና 21 ዓመቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቻርልስ አልኮክ የተባለው የማኅበሩ ጸሐፊ «ክለቦች በሙሉ የሚወዳደሩበት ዋንጫ ይኑረን» ብሎ ሐሳብ አመጣና የኤፍኤ ዋንጫ ተወለደ። የመጀመሪያው ዓመት 15 ክለቦች ተመዘገቡ። የመጀመሪያውን ፍጻሜ ማርች 1872 ላይ 2 ሺህ ያህል ሰው አየው። ዋንደረርስ የሚባለው የለንደን ክለብ የጦር መሐንዲሶቹን ቡድን ሮያል ኢንጅነርስን 1 ለ 0 አሸነፈ። ኪኔርድ በዛ ጨዋታ የለም።

ከዛ በኋላ ግን ከፍጻሜ አልጠፋም። በ1873፣ 1877 እና 1878 ከዋንደረርስ ጋር ወሰደ። በ1879 እና በ1882 ደግሞ የኢተን ተማሪዎች የነበሩት ባቋቋሙት ኦልድ ኢቶንያንስ ወሰደ። በ1875፣ 1876፣ 1881 እና 1883 ከዚሁ ከኦልድ ኢቶንያንስ ጋር ተሸነፈ። ሲጫወትም እዚህ ቦታ ብቻ አይልም፤ ከበረኛ እስከ አጥቂ ያልተሰለፈበት ቦታ የለም።

የምታውቁትን ጨምሩበት።

መድፈኛው መለሰ፦

ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን አሽሊ ኮልን እንደ ቼልሲ ልጅ ብቻ አትቁጠሩብን። 2002፣ 2003፣ 2005 ከኛ ከአርሰናል ጋር ነው የወሰደው።

ሰማያዊው መለሰ፦

ከኛ ከቼልሲ ጋር ደግሞ 2007፣ 2009፣ 2010፣ 2012። አራት ይበልጣል ሦስት ይበልጣል? ቆጥረህ ተመለስ።

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ድምሩ 7 ነው። ነገሩ ከኪኔርድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው፦ 5 ዋንጫ የወሰዱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ኪኔርድ፣ የዋንደረርሱ ቻርልስ ዎላስተን እና የብላክበርን ሮቨርሱ ጄምስ ፎረስት። ፎረስት አምስተኛውን የወሰደው በ1891 ነው። ኮል 6ኛውን ያነሳው በ2010። እስከዛ ድረስ ከአምስት ያለፈ ሰው አልነበረም። የ9 ፍጻሜው ሪከርድ ግን ዛሬም የኪኔርድ ነው።

ነገረኛው መለሰ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሪከርድ ነው እንዴ? 15 ክለብ የተመዘገበበት ውድድር እኮ ነው። ያውም በ1873 ዋንደረርስ ባለዋንጫ ስለሆነ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ በቀጥታ ፍጻሜ ገባ። ሜዳውንም የመረጠው እሱ ነው። ኮል ይሄን ቢያገኝ 20 ዋንጫ ይወስድ ነበር።

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

እውነትህን ነው፣ የ1873ቱ እንደዛ ነበር። ሕጉ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሠራው፤ ከዛ በኋላ ባለዋንጫም ከታች ይጀምር ተባለ። የዛን ቀን ኪኔርድ የመጀመሪያውን ጎል አገባ፣ ዎላስተን ሁለተኛውን ጨመረ፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲን 2 ለ 0 አሸነፉ።

ሳቅ የሚያስይዘው ግን ሰዓቱ ነው። ጨዋታው የተጀመረው በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ለምን? ከሰዓት በኋላ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ቴምዝ ወንዝ ላይ የሚያደርጉት የጀልባ ውድድር ስላለ ሰው እንዳያመልጠው። የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ለጀልባ ቦታ ለቀቀ! ያኔ ከኳሱ ይልቅ ጀልባው ነበር ትልቁ ነገር።

ሰማያዊው መለሰ፦

ቆይ፣ በ1876 ኪኔርድ ለኦልድ ኢቶንያንስ ተጫውቶ በዋንደረርስ ነው የተሸነፈው አይደል? በዓመቱ ደግሞ ለዋንደረርስ ተጫውቶ ወሰደ? ዝውውሩ ስንት ነበር? 😂

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

ዝውውር የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሁለት ሦስት ክለብ አባል ይሆናል፤ ክለብ ማለት ጓደኛሞች የሚገናኙበት ማኅበር ነው። የ1876ቱ መጀመሪያ 1 ለ 1 ወጥቶ በድጋሚው ጨዋታ ዋንደረርስ 3 ለ 0 አሸነፈ። ኪኔርድ ተሸንፎም ከአሸናፊዎቹ ጋር ወዳጅነቱ እንዳለ ነው።

ሽማግሌው_በረኛ መለሰ፦

ልጆች፣ በወጣትነቴ በረኛ ስለነበርኩ የ1877ቱን ፍጻሜ እኔ ልንገራችሁ። ማንም ስላላነሳው ገርሞኛል።

ዋንደረርስ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ። ሜዳው ኬኒንግተን ኦቫል። የዛን ቀን ኪኔርድ በረኛ ነበር። ከኦክስፎርድ በኩል አንዲት ኳስ መጣች። ያን ያህል የምታስፈራ አልነበረችም፤ ያዛት። ይዟት ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እግሩም ኳሷም መስመሩን አለፉ። ያኔ መረብ የለም። ሁለት ቋሚ፣ ከላይ አግዳሚ፣ በቃ። ኳስ ገባች አልገባችም የሚለው ባዶ አየር ላይ የሚፈረድ ነገር ነው። መረብ የመጣው በ1891 ነው። የኦክስፎርድ ልጆች ጮኹ፤ ዳኞቹም ጎል ነው አሉ። በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ አንድ ሰው በራሱ ላይ ጎል ሲያገባ የመጀመሪያው እሱ ሆነ ማለት ነው።

ዋንደረርስ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ አደረገ፤ በተጨማሪ ሰዓት አሸነፈ። 2 ለ 1። ስለዚህ የኪኔርድ ስህተት ዋንጫ አላስከፈለም።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው ጉዱ። ያቺ ጎል ከመዝገብ ተሰረዘች! ኪኔርድ ኳሷ አላለፈችም ብሎ ነበር፤ ማኅበሩ ቃሉን ተቀበለ። መቶ ዓመት ያህል መጻሕፍቱ ሁሉ 2 ለ 0 እያሉ ጻፉ። በ1980ዎቹ ነው የጊዜው ጋዜጦች እንደገና ተገላብጠው ጎሏ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው። በኔ ጊዜ በረኛ ሲሳሳት ሰፈር ሁሉ ዓመት ሙሉ ይሰድበው ነበር፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ማን ሰጥቶን!

መድፈኛው መለሰ፦

ጋሼ ገደሉን 😂 ቪኤአር (የቪዲዮ ዳኝነት) በግልባጩ። ከጨዋታው በኋላ ስብሰባ ተቀምጦ የሚሽር።

ነገረኛው መለሰ፦

አያችሁ አይደል? ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ጎል አሰረዘ። በዛው በ1877 ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሆነ። የኛን ፌዴሬሽን ስናማ እንኖራለን፤ መጀመሪያው የተበላሸው እዛ ነው።

እቴጌ_ኳስ መለሰ፦

ነገረኛው፣ እንደ ስምህ ነህ።

እኔ ግን ስለ ቅልጥሙ ጉዳይ ልጠይቅ። ሰውዬው ጨዋ ጌታ ነው ወይስ እግር ሰባሪ? አንድ ቦታ ያነበብኩት ታሪክ አለ፦ ሚስቱ «አርተር አንድ ቀን እግሩ ተሰብሮ ቤት ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ» ብላ ለወዳጁ ብትነግረው፣ ወዳጁ «አይስጉ እመቤቴ፣ የሚሰበረው የሱ እግር አይሆንም» አላት ይባላል። እውነት ነው?

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

እቴጌ፣ ታሪኩ በብዙ መልኩ ይነገራል። አንዳንዱ ሚስቱ ናት ይላል፣ አንዳንዱ እናቱ ናት ይላል። መልሱን የሰጠው በአብዛኛው ሜጀር ማሪንዲን ነው ይባላል፤ ከኪኔርድ በፊት የኤፍኤ ፕሬዚዳንት የነበረው መኮንን። ቃል በቃል ተባለም አልተባለም፣ ሰው ስለሱ የሚያስበውን ያሳያል። ቅልጥም መምታት በሕግ ተከልክሏል፤ ኪኔርድ ግን ከልጅነቱ የለመደውን እንዲህ በቀላሉ አልተወውም።

ሌላም አለ። አንድ ጊዜ አልኮክ ተማሮ «ኳስ ነው የምንጫወተው ወይስ ቅልጥም ነው የምንመታታው?» ሲለው «ቅልጥሙ ይሁን እንጂ!» ብሎ መለሰ ይላሉ። ሁለቱ የልብ ወዳጆች ናቸው ደግሞ።

እንደ ክፉ ሰው ግን አትዩት። እሱ ሌላውን ይመታል፣ ሌላው ሲመታውም ዝም ይላል። ቂም የሚባል አያውቅም ነበር ይላሉ አብረውት የተጫወቱት።

ከቴምዝ_ማዶ መለሰ፦

ሰላም ከለንደን። ሥራ ቦታዬ ኦቫል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ስለ ሜዳው ትንሽ ልጨምር።

ኦቫል ያኔም ዛሬም የክሪኬት ሜዳ ነው። የሰሪ ካውንቲ ክሪኬት ክለብ ቤት ነው። ብዙ ሰው የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ለምን ክሪኬት ሜዳ ላይ ይደረግ እንደነበር ይገርመዋል። መልሱ ቀላል ነው፦ ዋንጫውን ያመጣው አልኮክ ከ1872 ጀምሮ የሰሪ ክለብም ጸሐፊ ሆነ። ቁልፉ በእጁ ነው። በእንግሊዝ የብርድ ወራት ክሪኬት የለም፣ ሜዳው ባዶ ነው፣ ኳስ ይግባበት። ከ1873ቱ በቀር እስከ 1892 ድረስ ፍጻሜዎቹ ለንደን ላይ ሲደረጉ እዚሁ ነበሩ።

ከአጥሩ ውጭ ትልልቅ የጋዝ ማጠራቀሚያዎች ነበሩ፤ የአንዱ የብረት ቀፎ አሁንም ቆሟል፣ ውስጡ አፓርታማ ተሠርቶበታል። ስኮትላንድም ከእንግሊዝ ጋር ማርች 8 ቀን 1873 የተጫወተው እዚህ ነው። ኪኔርድ ለስኮትላንድ የተሰለፈባት ብቸኛዋ ይፋዊ ጨዋታ ናት። 4 ለ 2 ተሸነፉ።

ሰማያዊው መለሰ፦

ለንደን ተወልዶ ለስኮትላንድ?

ከቴምዝ_ማዶ መለሰ፦

አባቱ ስኮትላንዳዊ ነው፣ የቤተሰቡ ርስትም እዛው ፐርዝሺር ነው። ደግሞ ስኮትላንዶች ከግላስጎው 11 ተጫዋች በባቡር ጭነው ለማምጣት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የጎደለውን ለንደን ካሉ ስኮትላንዳውያን ሞሉት። ኪኔርድም ከነዛ አንዱ ነው።

ነገረኛው መለሰ፦

እሺ አሁን ቁም ነገር ላውራ። ስለ ኪኔርድ ዘመን ሰዎች «አማተር» (ያለ ደመወዝ የሚጫወት)፣ «ለፍቅር የተጫወተ» ሲባል ደስ ይላል። ግን ለፍቅር የሚጫወተው ማነው? ቅዳሜ ሥራ የሌለበት ሰው። ባንክ ያለው ሰው። የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን ቀርቶ ኳስ ከተጫወተ የዛን ቀን ደመወዝ የለውም። የ1879ኙን የዳርወን ጨዋታ ማን ያውቃል? የድሮ_ኳስ፣ ይሄን ለምን ዘለልከው?

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

አንተ ጻፈው፤ ለዚህ አንተ ትሻላለህ።

ነገረኛው መለሰ፦

እሺ ስሙ። ዳርወን በሰሜን እንግሊዝ፣ ላንካሺር ያለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። በ1879 ሩብ ፍጻሜ ከኪኔርድ ኦልድ ኢቶንያንስ ጋር ደረሳት። በሕጉ ጨዋታው ለንደን፣ ኦቫል ላይ ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር። ወጪው የራሳቸው፤ የከተማው ሰው አዋጥቶ ላካቸው።

የመጀመሪያው ጨዋታ፦ ኢቶንያንስ 5 ለ 1 እየመራ 15 ደቂቃ ያህል ቀረ። ዳርወን አራት አገባ። 5 ለ 5! ዳርወኖች «ተጨማሪ ሰዓት እንጫወት፣ እዚሁ ይለቅ» አሉ። ኢቶንያንስ እምቢ አለ። ስለዚህ እነዛ የፋብሪካ ልጆች ሰሜን ተመልሰው እንደገና ለንደን መጡ። በተጨማሪ ሰዓትም 2 ለ 2 ሆነ። እንደገና ተመልሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ኪስ ባዶ፣ እግር ዝሎ፣ 6 ለ 2 ተሸነፉ። ኢቶንያንስ በዛው ቀጥሎ ዋንጫውን ወሰደ። ከኪኔርድ 5 ዋንጫ አንዱ ይሄ ነው።

ለፍቅር የተጫወተው ማነው አሁን?

እቴጌ_ኳስ መለሰ፦

ይሄ ያናድዳል በእውነት። አንድ ጊዜ እንኳን ኢቶንያንስ ወደ ዳርወን ቢሄድ ምን ነበረበት?

ሽማግሌው_በረኛ መለሰ፦

ነገረኛው ዛሬ ነገር ሳይሆን ታሪክ አመጣ፤ ደግ አደረግክ ልጄ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳርወን ውስጥ ፈርገስ ሱተርና ጄምስ ላቭ የሚባሉ ሁለት ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ሱተር ሙያው ድንጋይ ጠራቢ ነው። ወደ ዳርወን ከመጣ በኋላ ድንጋዩን ተወ፤ ግን እየኖረ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ደመወዝ መክፈል በሕግ ክልክል ነበርና ከጀርባ ነበር የሚከፈለው።

እቴጌ_ኳስ መለሰ፦

ጋሼ፣ ይሄ ሱተር በዛ ስለ ድሮ እግር ኳስ በተሠራው ተከታታይ ፊልም ላይ ያለው ነው አይደል? ኪኔርድና እሱ እንደ ጠላት ጀምረው የሚወዳጁበት። ፊልሙ ላይ ሱተር በፍጻሜው ኪኔርድን ያሸንፋል።

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

ፊልሙ ቆንጆ ነው፤ ግን ሁለት ክለብ አንድ አድርጎ ነው የሠራው። ሱተር ከዳርወን የሄደው ወደ ብላክበርን ሮቨርስ ነው። በ1882 ፍጻሜ ከኪኔርድ ጋር ተገናኙ፤ ያሸነፈው ኪኔርድ ነው፣ 1 ለ 0። ሮቨርስ ከዛ በፊት 35 ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው የመጣው። ኪኔርድ በደስታ ምን አደረገ መሰላችሁ? በተከበሩት ሰዎች መቀመጫ ፊት ለፊት ተገልብጦ ቆመ። ዕድሜው 35 ነው፤ የባንክ ሰው ነው፤ ጺሙ እንደዛ ነው። ጎል ሲያገቡ ለሚገለባበጡት ልጆች አያታቸው እሱ ነው።

በ1883 ኢቶንያንስን ያሸነፈው ሌላኛው የብላክበርን ክለብ ነው፣ ብላክበርን ኦሎምፒክ። ሱተር እዛ የለም። ሱተር ከሮቨርስ ጋር የወሰዳቸው ዋንጫዎች የ1884፣ 85 እና 86 ናቸው።

ነገረኛው መለሰ፦

ኦሎምፒክን በደንብ አንሱት እንጂ! ቡድኑ ውስጥ ሸማኔ አለ፣ ፈታይ አለ፣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ አለ። ከፍጻሜው በፊት አንድ የከተማው ባለፋብሪካ ወጪያቸውን ችሎ ብላክፑል ባሕር ዳር ወስዶ አስቀመጣቸው። ልምምድ፣ እረፍት፣ የተመጠነ ምግብ። ዛሬ ካምፕ መግባት የምንለው ነገር። ለንደኖቹ ጌቶች በዚህ ተገረሙ፤ ለእነሱ ጨዋታ ማለት ከምሳ በኋላ ጫማ አጥልቆ መግባት ነው።

አጨዋወታቸውም ለየት ያለ ነበር። ኢቶንያንስ አንዱ ኳስ ይዞ ይነዳል፣ ሌሎቹ ተከትለውት ይሮጣሉ። ኦሎምፒኮች ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ረጅም ኳስ እየቀየሩ አደከሟቸው። ኢቶንያንስ መጀመሪያ አገባ፣ ኦሎምፒክ አቻ አደረገ። ከኢቶንያንስ አርተር ደን ተጎድቶ ወጣ፤ ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም፣ በ10 ቀሩ። በተጨማሪ ሰዓት ጂሚ ኮስትሊ ጨረሳቸው። 2 ለ 1። ከዛ ቀን በኋላ አማተር ክለብ የኤፍኤ ዋንጫን ወስዶ አያውቅም።

መድፈኛው መለሰ፦

ዋንጫው ወደ ለንደን መቼ ተመለሰ ታዲያ?

ነገረኛው መለሰ፦

1901። ማን እንደመለሰው ባትጠይቀኝ ይሻላል።

ሰማያዊው መለሰ፦

ቶተንሃም! የአርሰናል ባላንጣ 😂😂😂

መድፈኛው መለሰ፦

ይሄን ክር ለቀቅኩ።

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

ና ተመለስ፣ ገና ነው።

ነገረኛው ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አልከራከርም። ግን ከ1883 በኋላ ኪኔርድ ምን አደረገ የሚለውን ካላያችሁ ሰውዬውን ግማሹን ብቻ ነው ያያችሁት። በ1884 የሰሜኑ ክለብ ፕሪስተን ለተጫዋቾቹ እንደሚከፍል በግልጽ አመነ። ጠቡ ጦፈ። የሰሜን ክለቦች ማኅበሩን ጥለን እንወጣለን አሉ። ራግቢ በዚሁ ጉዳይ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ኳሱም ሊሰነጠቅ ነበር። ማኅበሩ ግን በጁላይ 1885 ክፍያን ፈቀደ። ኪኔርድ ያኔ ገንዘብ ያዥ ነው። ከሱ መደብ የመጣ ስንቱ ሰው «ጨዋታው ተበከለ» ብሎ አኩርፎ የአማተሮች ክበብ ውስጥ ገባ። እሱ አላኮረፈም። በ1890 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እስኪሞት ድረስ ለ33 ዓመት እዛው ወንበር ላይ ነበር። በዛ ጊዜ ውስጥ ሊጉ አደገ፣ ፔናሊቲ መጣ፣ መረብ መጣ፣ ለዛው ለ1901ዱ የቶተንሃም ፍጻሜ ከ110 ሺህ በላይ ሰው ክሪስታል ፓላስ ላይ ተገኘ። በሠራተኞች ቡድን ተሸንፎ የወጣ ሰው የባለደመወዞቹን ጨዋታ መርቶ ኖረ።

ነገረኛው መለሰ፦

33 ዓመት አንድ ወንበር ላይ! ይሄንንም እንደ ጥሩ ነገር ልትነግረን ነው?

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

አይ፣ እሱን ለአንተ ትቼልሃለሁ።

ከቴምዝ_ማዶ መለሰ፦

ከኳስ ውጭ ስለሠራው ደግሞ እኔ ልበል። በወጣትነቱ ክዊንቲን ሆግ ከሚባለው የኢተን ጓደኛው ጋር ቻሪንግ ክሮስ አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ክፍል ተከራይተው ለጎዳና ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተዋል። ማንበብና መጻፍ ያስተምሩ ነበር። ሆግ በኋላ ሪጀንት ስትሪት ላይ ያለውን ፖሊቴክኒክ መሠረተ፤ ዛሬ የዌስትሚንስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። እዛ የሚማሩ የኛ ልጆች ካሉ ይሄን ይወቁ። ሆግም ኳስ ተጫዋች ነበር ደግሞ።

ኪኔርድ ሃይማኖተኛ ሰው ነው። ወወክማን (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን) ታውቃላችሁ አይደል? የእንግሊዙ ወወክማ ፕሬዚዳንት ነበር። ከ1907 እስከ 1909 ደግሞ ንጉሡን ወክሎ የስኮትላንድ ቤተክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተቀምጧል። የሎርድነቱን ማዕረግ የወረሰው አባቱ በ1887 ሲሞቱ ነው።

ሽማግሌው_በረኛ መለሰ፦

ሰውዬው ደስታ ብቻ አልነበረም ያየው። ሁለት ወንዶች ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቱበት። ዳግላስ በ1914፣ አርተር በ1917። እሱ የሞተው ጃኑዋሪ 30 ቀን 1923 ነው። ሚስቱ ከሱ በፊት በዛው ወር ውስጥ ነው ያረፈችው። ዌምብሌይ ስታዲየም የተከፈተው በዛው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው፤ በሦስት ወር ሳያየው ቀረ።

እቴጌ_ኳስ መለሰ፦

ነፍስ ይማር። እኔ የሚገርመኝ የኤፍኤ ዋንጫው ራሱ ለኪኔርድ ተሰጥቶ እሱ ቤት ገባ የሚሉት ነው። አንድ ሰው ዋንጫውን ጠቅልሎ ይሰጠዋል እንዴ?

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

ጥሩ ጥያቄ። የመጀመሪያው ዋንጫ በ1895 ተሰረቀ። አስቶን ቪላ አሸንፎ በርሚንግሃም ውስጥ አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ለሰው ማሳያ ተቀምጦ ሳለ ሌባ ወሰደው፤ እስከዛሬ አልተገኘም። ማኅበሩ ልክ እሱን የመሰለ ሌላ አሠራ። በ1911 አዲስና ትልቅ ዋንጫ ሲሠራ፣ ያ ሁለተኛው ለኪኔርድ ተሰጠው፤ ለ21 ዓመት ፕሬዚዳንትነቱ ስጦታ ይሁን ተብሎ።

ዋንጫው በ2005 ጨረታ ወጥቶ የበርሚንግሃም ሲቲ ባለቤት የነበረው ዴቪድ ጎልድ በ478,400 ፓውንድ ገዛው። በ2020 እንደገና በ760,000 ፓውንድ ተሸጠ። ገዢው ማን ሆኖ ተገኘ? ሼክ መንሱር። የማንቸስተር ሲቲው።

ሰማያዊው መለሰ፦

ሲቲ ያላሸነፈውንም ዋንጫ ይገዛል ማለት ነው።

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

ሲቲ በ1904 አሸንፎታል እኮ፣ ያንኑ ዋንጫ ራሱን። የክለቡ የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫ ነው።

ሰማያዊው መለሰ፦

እሺ ይሄን አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ።

አወያይ ጻፈ፦

የአሽሊ ኮልና የቶተንሃም ክርክር ወደ «ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ» ክፍል ተዛውሯል። እዚህ ስለ ኪኔርድና ስለ ዘመኑ ብቻ።

እቴጌ_ኳስ መለሰ፦

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። በዛ ዘመን ጥቁር ተጫዋች አልነበረም? ሁሉም ጌታ፣ ሁሉም ነጭ ሆነብኝ።

ከቴምዝ_ማዶ መለሰ፦

ነበረ እንጂ! አንድሩ ዋትሰን። በደቡብ አሜሪካ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ጋያና በ1856 የተወለደ፣ ለግላስጎው ክዊንስ ፓርክ የተጫወተ አማተር። ማርች 12 ቀን 1881 በዚሁ ኦቫል ላይ የስኮትላንድ አምበል ሆኖ ገባ። እንግሊዝን 6 ለ 1 አሸነፉ።

ነገረኛው መለሰ፦

6 ለ 1? እዛው ኦቫል? ይሄን ሰው ትታችሁ ነው ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሎርድ ጺም ያወራችሁት? አዲስ ክር ክፈቱ፣ እኔ የመጀመሪያው መላሽ ነኝ።

የድሮ_ኳስ መለሰ፦

እየጻፍኩት ነው። ማታ ይወጣል።